ቁልፏን ፍለጋ የገባች ዋስ

ባለፈው ሳምንት ረፋዱ ላይ ሱቄ በር ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ሹራብ የለበሰ ሰው ካያችሁ ከደጋ የመጣ ነው፤ ያውም ገና ዛሬ የመጣ። ነገ ያወልቀዋል። ሴትዮዋ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ግንባሯ ላብ አውጥቶ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ፣ በዘር ከረጢቶቼና በመድኃኒት መርጫዎቼ መካከል አሻግራ አየችኝ።

"ጋሽ ሰይድ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

ውሃ ቀዳሁላት። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። ልጇ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ በስልክ እየቀረጸ ስለ ሹማምንት ይናገራል፣ ብዙ ሰው ያዳምጠዋል። ከሚናገርባቸው አንዱ የዚህ አካባቢ ሹም ነበርና እዚህ ከሰሰው። ልጁን ከአዲስ አበባ ይዘው አመጡት። ፍርድ ቤቱ በዋስ ይውጣ ብሏል፤ ዋሱ ግን እዚህ ከተማ ቤት ያለው ነዋሪ መሆን አለበት።

"እኔ እዚህ አገር ማንንም አላውቅም" አለች። "መናኸሪያው ላይ አንድ የባጃጅ ልጅ ነው፣ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ይሂዱ፣ እናታቸው እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ ያለኝ።"

የባጃጁ ልጅ እናቴን አያውቃትም። ስትሞት ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ወሬ ግን ከተማ ውስጥ ይቆያል፤ ከባለቤቱም ዕድሜ ይበልጣል። እሺም እምቢም ሳልል ሻይ አዘዝኩላት። ሻዩን እፍ እያለች ስትጠጣ እኔ በሐሳብ ሩቅ ሄጄ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ሥራዬ ጋዜጣ ማከራየት ነበር። ለዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ብስክሌት ይከራያል፣ ቤት ይከራያል፣ ጋዜጣ ደግሞ እንዴት ይከራያል ይሉኛል። ይከራይ ነበር። የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፣ ማንበብ የሚፈልገው ግን ብዙ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ከኒም ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረኝ፤ ተከራዩ እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ሳንቲም ከፍሎ ይመልሳል። መምህራን ይመጣሉ፤ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ይመጣሉ። ገበሬዎች ደግሞ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ይዘው ይመጡና የአንድ ሰው ኪራይ ከፍለው ተኮልኩለው ይሰማሉ። ይህን ላስቀር ብሞክርም አልሆነልኝም። ለጆሮ ክፈሉ አይባል ነገር።

ጥቅሉ የሚመጣው ከአዲስ አበባ በሚነሳው አውቶብስ ጣራ ላይ ነው። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ አልፎ ስለሚወርድ፣ ረዳቱ ሲያቀብለኝ ወረቀቱ ብርድ ብርድ ይል ነበር። እኛ ቆላ ያለነው ከዛፍ ጥላ ሌላ ቀዝቃዛ ነገር አናውቅም። ጥቅሉን ሳልፈታ ትንሽ ጉንጬ ላይ አስጠጋው ነበር። እስከ ዛሬ ጋዜጣ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ቅዝቃዜ ነው።

ከጋዜጦቹ ሁሉ ሰው የሚሻማባት አንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበረች። የምታዘጋጃት አንድ ዋና አዘጋጅና አንዲት ጸሐፊ ብቻ ነበሩ፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ስለ እኛ ጻፉ። ሮቢ ወንዝን ጠልፈው የሚያለሙ ገበሬዎች ውሃውን በተራ ነው የሚወስዱት፤ ተራውን የሚጠብቅ የውሃ አባት አላቸው፣ እሱ ያለው ይሆናል። በዚያ በጋ ግን ተራው ተፋልሶ ነበር። የታችኞቹ ገበሬዎች ሽንኩርትና ማሾ ሲጠወልግ፣ ውሃው ተራ ሳይጠብቅ የወረዳችን አስተዳዳሪ ወንድም የማንጎ እርሻ ውስጥ ይገባል። ጋዜጣዋ ይህንን፣ የውሃ አባቱን አነጋግራ፣ ወንድምየውንም በስሙ ጠርታ አወጣችው። ያን ሳምንት አግዳሚ ወንበሬ ላይ ቦታ ጠፋ።

የአስተዳዳሪውን ስም አልጠራም። ልጆቹ አሉ፤ አንደኛው ከእኔ ሱቅ ዘር ይገዛል፤ መልካም ሰው ነው።

መጀመሪያ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ወንበሬን ጭነው ወሰዱት። መንገድ ይዘጋል ተባለ። መንገዱ ላይ አልነበረም፤ ግን ማን ይከራከራል? ድንጋይ ደርድሬ ማከራየቴን ቀጠልኩ። ቀጥሎ ክሱ መጣ። አስተዳዳሪው ጋዜጣዋ ሸዋ ሮቢትም ስለምትሸጥ እዚሁ እከሳለሁ አለ፤ ስሜ ጠፍቷል ብሎ አዘጋጁን ከሰሰ። ሻይ ቤት ውስጥ ለወዳጆቹ "ይምጣ፣ ቆላው ያስተምረዋል" ማለቱን ከተማው ሁሉ ሰማ።

ያኔ ወጣት ነበርኩና ነገሩ የሞኝ ቁጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ብልህ ሥራ ነው። ጋዜጣን መዝጋት ስም ያሰጣል፤ ሰው ይጮሃል። ጋዜጠኛን ወደ ሩቅ አገር በቀጠሮ ማመላለስ ግን ድምፅ የለውም። ሁለት ሰው በሚሠራባት ጋዜጣ አንዱ ቀኑን አውቶብስ ላይ ከዋለ ማን ይጽፋታል? አንድ ቀጠሮ ቢያሳልፍ ደግሞ ታስሮ ይቅረብ ይባላል። ሕጉ ሳይሰበር፣ ማንም ሳይመታ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ያልቃል።

አዘጋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ያደረው እናቴ ዘንድ ነው። ዘውዱ ይባላል፤ እኛ ጋሽ ዘውዱ አልነው። ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሙቀቱ ገና ከአውቶብስ ሲወርድ ያደከመው ሰው ነበር። እናቴ ዘሃራ አባቴ ከሞተ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ በተሠሩት ትናንሽ ክፍሎች አልጋ ታከራይ ነበር። እሷ አልጋ፣ እኔ ጋዜጣ፤ ቤታችን የኪራይ ቤት ነው እያለች ትቀልድ ነበር። ለእንግዳዋ የማሾ ወጥ በማሽላ እንጀራ አቀረበችለት። አጎበሩን ራሷ ዘርግታ "ጫፉን ፍራሹ ሥር ክተተው ልጄ፣ የኛ ወባ እንግዳ አይለይም" አለችው። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ዘውዱ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። እኔም ዛፌን ትቼ ተከተልኩት። አዳራሹ ጠባብ ነው፤ የቆርቆሮው ጣራ ከላይ ያግላል፤ ሰው በወረቀት ይራገባል። አስተዳዳሪው ፊት ተቀምጧል። ዳኛው ክሱን አሰምተው ሲያበቁ፣ ተከሳሹ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ቤት ያለው የከተማው ነዋሪ ዋስ ካላቀረበ ማረፊያ ቤት ይቆያል አሉ።

"ዋስ አለህ?"

ጋሽ ዘውዱ ዞር ብሎ አዳራሹን አየ። ማንን ሊያይ? መምህራኑ እግራቸውን ያያሉ። ገበሬዎቹ ቢፈልጉም የከተማ ቤት የላቸውም፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ፈቃዳቸውን የሚያድስላቸው ከሳሹ ነው። እኔ የነበረኝ ድንጋይ ነው። ያ ሰው ስለ እኛ ውሃ ጽፎ እኛው መካከል ብቻውን ቆሟል።

በዚህ መካከል እናቴ ገባች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ከፀሐይ ስለመጣች ዓይኗ ጨልሞባት፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች።

"ምን ፈልገሽ ነው እናት?" አሉ ዳኛው።

"ቁልፌን" አለች። "ይሄ ልጅ የክፍሌን ቁልፍ ይዞብኝ መጥቶ ነው። ክፍሉን ልጠርግ ብል ተቆልፏል።"

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ዘውዱ ደንግጦ ኪሱን ሲዳብስ ቁልፉ ተገኘ። እናቴ ተቀብላው ልትወጣ ስትል ዘወር አለችና "ምን አጥፍቶ ነው ያቆማችሁት?" አለች። ዳኛው ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ፤ ዋስ አጥቶ ነው አሏት።

"እኔ አለሁ አይደለም እንዴ።"

"ቤት አለሽ?"

"አለኝ። የሟች ባሌ ቤት ነው።"

"ይህን ሰው በምን ታውቂዋለሽ?"

"ማታ ቤቴ አድሯል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን? ውሃዬን ጠጥቷል፣ እንጀራዬን በልቷል። ቤቴ ያደረ እንግዳ ነው።"

አስተዳዳሪው አገጩን ሲያሻሽ አየሁት። ዳኛው ሕጉን አስረዷት፤ ሰውየው በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ቤቱ ሊያዝብሽ ይችላል አሏት። "ይቀርባል፣ ኢንሻአላህ" ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ማንበብ አትችልም ነበር። በከተማው ብቸኛ ጋዜጣ አከራይ የሆነው ልጇ አንድም ቀን ጋዜጣ አንብቦላት አያውቅም፤ "የሰው ጭቅጭቅ ለምን ታሰማኛለህ" ትለኝ ነበርና።

ቤት ስንደርስ ተቆጣኋት። ለጋዜጣ እሞታለሁ የምል ጎረምሳ፣ ቤቱ ሲነካ ጋዜጣውን ረሳሁት።

"እማ፣ ቤቱን ነው እኮ ያስያዝሽው። ሰውየው ባይመለስስ?"

"ቁልፌን መልሷል" አለችኝ። "ይልቅ ያን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አውጣልኝ።"

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዘውዱ ተመላላሽ ሆነ። አንዴ የከሳሽ ምስክር አልቀረበም ይባላል፤ አንዴ ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል፤ አንዴ መዝገቡ ጠፍቷል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቡ ሲገኝ ጠበቃው ታሟል። ለዚህ ለዚህ ሰውየው ሌሊት ተነስቶ ያንን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ይመጣል። እናቴም በየቀጠሮው ቀን ሥራዋን ትታ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሙስበሃዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ እየቆጠረች ትጠብቃለች። እኔ የአውቶብሱን ጡሩንባ ከሩቅ ለይቼ ማወቅ ጀመርኩ።

አስተዳዳሪው ግን አንድ ነገር አላሰበበትም። ጋሽ ዘውዱ ስለ እኛ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው የነገረውን ነበር፤ አሁን ራሱ በየጊዜው እየመጣ መቀመጥ ያዘ። ከችሎት ሲወጣ የሚመለስበት መኪና የለም፤ ስለዚህ እኔ ዛፍ ሥር ይውላል። ማንጎ ልጦ እየበላ፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ፣ የመጣውን ሁሉ ያነጋግራል። የውሃ አባቱ ይመጣል። ከማጀቴ ገበያ የሚመለሱ የማሾ ነጋዴዎች ይቀመጣሉ። መድኃኒት የጠፋበት ጤና ጣቢያ፣ ጣራው የፈረሰ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ይነገረዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣዋ ቀዝቅዛ ስትወርድ የኛው ወሬ በጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። ዱዓ ላይ ተቀምጠው አንድ ሽማግሌ "አልሃምዱሊላህ፣ አስተዳዳሪያችን ጋዜጠኛ ቀጠሩልን" ብለው ሰውን አሳቁት። ውሃውም በዚያው ሰሞን ወደ ተራው ተመለሰ። በግልጽ ማንም አላዘዘም፤ ዝም ብሎ ተመለሰ።

ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ግን ልባችን ሊቆም ነበር። ሲዘንብ የሰነበተ ጊዜ ነው። ከጣርማ በር በታች መንገዱ ላይ አፈር ተንዶ መኪና ቆመ የሚል ወሬ መጣ። ቀጠሮው በዚያው ጠዋት ነው። እናቴ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ተቀምጣለች። እኔ መናኸሪያ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፤ ቤታችንን፣ አባቴ የተከለውን የሎሚ ዛፍ፣ የእናቴን አጎበሮች ሁሉ በሐሳቤ ማውጣት ጀምሬያለሁ። ጋሽ ዘውዱንም ረገምኩት፤ አስተዳዳሪውን ሳይሆን እሱን። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል፤ የሚገፋህን ትተህ አጠገብህ ያለውን ታማርራለህ። ሹማምንቱ የሚፈልጉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ችሎቱ ሊነሳ ሲል ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ዘውዱ ወረደ። የጣርማ በርን ዋሻ በእግሩ አልፎ፣ ናዳውን በጭቃ ተሻግሮ፣ ደብረ ሲና ድረስ ሮጦ ነው የመጣው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ አንዱ የመነጽሩ እግር ተሰብሯል። ዳኛውንም እኔንም ሳያይ እናቴ ፊት ጎንበስ አለ።

"ደርሻለሁ እናቴ።"

"መድረስህንማ አውቃለሁ" አለች። ሙስበሃዋን ግን ያኔ ነው ከእጇ ያወረደችው።

ገባ። ከሳሽ በጎርፉ ምክንያት አልቀረቡም ተባለ። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው።

ከዚያ አስተዳዳሪው ተዛወረ። ወደ አንድ ሩቅ የደጋ ወረዳ በሹመት ሄደ። እኛ ጋ ያለው መዝገብ ከሳሽ ስላልተከታተለው ተዘጋ፤ የእናቴም ዋስትና ወረደ። ጋሽ ዘውዱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ ገበሬዎቹ ማንጎና ፓፓያ በኬሻ ጭነው ሸኙት። ያሸነፍን መስሎን ነበር። እኔማ አዲስ አግዳሚ ወንበር አሠራሁ።

አስተዳዳሪው ግን ጠቡን እንደ ዕቃው ጭኖት ሄዶ ነበር። ጋዜጣዋ ስለ ሹመቱ ጻፈች፤ እዚያው በአዲሱ አገሩ ከሰሳት። ጋሽ ዘውዱ ለቀጠሮው ሄደ። እዚያም ዳኛ ጠየቀው፤ ዋስ አለህ? ዞር ብሎ አዳራሹን አየ። እዚያ ግን ማንም አልተነሳም። ያዙት።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ዘግይተን ነው። እኛ ዘንድ የታወቀው አውቶብሱ መጥቶ ረዳቱ ባዶ እጁን ሲያሳየኝ ነው። በሚቀጥለውም ሳምንት ባዶ እጁን አሳየኝ። ብቻዋን የቀረችው ጸሐፊ ጋዜጣዋን ልታወጣ አልቻለችም። ደንበኞቼ እየመጡ ዛፉ ሥር ይቆማሉ፤ "አልመጣችም?" ብለው ይመለሳሉ። ማንም ዘጋኋት አላለም፤ ማንም ተዘጋች ብሎ አላወጀም። ዝም ብላ ሳትመጣ ቀረች።

ለእናቴ ስነግራት ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ከአረፋው ውስጥ ሳታወጣ ቀና አለች።

"እዚያ አገር ሰው የለም እንዴ?"

"አለ እማ። ግን አያውቁትም። ይፈራሉ።"

"እኔስ መች አውቀው ነበር?"

ልብሷን ማሸት ቀጠለች። ቆይታ ደግሞ "የኛ ቤት አይሆናቸውም? ብሄድ?" አለችኝ። ፍርድ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ ዋሱ የዚያው አገር ነዋሪ መሆን አለበት አሉኝ። ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሳችም፤ እሱ ያድርበት የነበረውን ክፍል ግን ለብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው አላከራየችም።

ጋሽ ዘውዱ በኋላ ተፈታ። ጋዜጣ ግን አልሠራም፤ የሆነ ቦታ የሒሳብ ሥራ ያዘ አሉ። ዳግመኛ ያየሁት ከዓመታት በኋላ እናቴ ስትሞት ነው። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ፀጉሩ ሸብቶ ለቅሶ ቤት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ታስሬ ሳለሁ" አለኝ፣ "በር በተከፈተ ቁጥር አንዲት ሴት ቁልፏን ፍለጋ የምትገባ ይመስለኝ ነበር።" እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር፤ ያኔ አለቀስኩ።

ሱቄ ውስጥ ሴትዮዋ ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን ታያለች። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ያ የእናቴ ቤት ዛሬ የእኔ ቤት ነው፤ ባለቤቴና ልጆቼ የሚኖሩበት ነው። ዘር የምሸጥበትም ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ልጇን ደግሞ በስልኬ ፈልጌ አዳመጥኩት፤ ብዙም አልወደድኩትም። ይጮሃል፤ ሰውን ያዋርዳል፤ እንደ ጋሽ ዘውዱ የውሃ አባቱን ቀድሞ አያነጋግርም። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ግን ገባኝ። ለዋስትና የምንመርጠው የምንወደውን ብቻ ከሆነ፣ እዚያ ደጋ አዳራሽ ውስጥ ከመቀመጫቸው ያልተነሱት ሰዎችም አላጠፉም ማለት ነው፤ አዘጋጁን የሚወዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሹማምንትም ሰውን ከአገር አገር የሚያንከራትቱት ይህን አውቀው ይመስለኛል፤ የማይታወቅበት ቦታ ከወሰዱት ሌላውን ሥራ የእኛ ዝምታ ይጨርስላቸዋል።

የቤቱን ካርታ ከሳጥን አወጣሁ፤ ሱቁን ቆለፍኩ። ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት፤ "እትዬ ዘሃራ ቢኖሩ ምን እንደሚሉ ታውቀዋለህ" አለችኝ። አብረን ሄድን፣ እኔና ባለሹራቧ።

አዳራሹ ያው ነው፤ ጣራው ተቀይሯል እንጂ ሙቀቱ አልተቀየረም። ዳኛዋ የልጄ እኩያ ትሆናለች። ካርታዬን አገላብጣ አየችና "ተከሳሹን በምን ያውቁታል?" አለችኝ።

"አላውቀውም" አልኩ። "እናቱ ግን ሱቄ ገብተው ውሃ ጠጥተዋል።"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈች። ልጁ በዚያው ቀን ከእናቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። ሴትዮዋ ከመሳፈሯ በፊት ሹራቧን አውልቃ ነበር። የሚመለስበት ቀጠሮ ነሐሴ ላይ ነው። ካርታዬ እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ፤ እኔም ከወዲሁ፣ ዝናቡ ለእህላችን ይዝነብ፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱን ብቻ አይዝጋብን እያልኩ እለምናለሁ።